በስፒል የቆመው አገር

አንዲት ሴት ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር።

መርፌ አልያዘችም፤ መቀስም አልያዘችም። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ዝም ብላ ግድግዳውን ታያለች። ጎረቤቷ ወንፊት ልትዋስ ገባች፣ አየቻት፣ ወንፊቱን ይዛ ወጣች። ዱቄቷን ነፍታ ስትመለስም ያቺ ሴት እዚያው በርጩማ ላይ፣ እዚያው ግድግዳ ፊት ናት። ጎረቤቲቱ ያን ዕለት ለሰፈሩ ምን ብላ እንዳወራች ልንገራችሁ? «ያቺ ልጅ ለይቶላታል፤ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጣ ትውላለች» ነው ያለችው።

አልለየላትም። ሥራ ላይ ነበረች።

ምእመናን፣ ዛሬ የዚህችን ሴት ነገር አጫውታችኋለሁ። ከተማዋን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ስብከቱን ትታችሁ «የማን ልጅ ናት?» ስትባባሉ ነው የምትውሉት። ስሟን ግን ስመኝ እንበላት። ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁት፣ «ይቺን ምሳሌ እናውቃታለን፣ የጥልፉ ጀርባ ዝብርቅርቅ ነው፣ ፊቱ ግን ያምራል የምትለዋ ናት» እንዳትሉኝ። እሷ አይደለችም። የዛሬው ነገር ስለ ጀርባ አይደለም።

የስመኝ ሥራ የጨርቅ ሥዕል ነው። ሠዓሊ በቀለምና በብሩሽ የሚሠራውን እሷ በጨርቅ ቁርጥራጭ ትሠራዋለች። በየልብስ ሰፊው ቤት ትዞርና ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀውን ሁሉ ጠርጋ ትወስዳለች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ካኪ፣ የሙሽራ ሳቲን፣ ከካባ የተረፈ ከፋይ። ልብስ ሰፊዎቹ ቤታቸውን ስለምትጠርግላቸው ይወዷታል። ቁርጥራጩን ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ በየቀለሙ ለይታ በማዳበሪያ ከረጢት ትከተዋለች። ስፌት የሚጀመረው በመርፌ ይመስላችኋል? በማጠብ ነው የሚጀመረው።

ከዚያ ግድግዳው አለ። ግድግዳዋ ላይ ፀጉራም የሱፍ ብርድ ልብስ ወጥራለች። ቁራጭ ጨርቅ እዚያ ላይ ሲያስጠጉት ሱፉ ይይዘዋል፤ አይወድቅም። አንዱን ቁራጭ ታስጠጋለች፣ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታያለች። ቡኒው ጋራ ይመስላል? ጋራ አይመስልም፣ ጆንያ ይመስላል። ታነሳዋለች። ሌላ ታስጠጋለች። አንዳንዴ ጀርባዋን ሰጥታ በመስታወት ታየዋለች፤ ዓይን የለመደውን ስሕተት መስታወት ያጋልጣልና። ከሐሳቧ ሲገጥም ቁራጩን በስፒል ትይዘዋለች። ስፒል መቼም ታውቃላችሁ፤ ልብስ ሰፊ ሲለካችሁ ጎናችሁን የምትወጋው ቀጭኗ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ሦስት ድርብ ታደርገዋለች፤ ከፊት ሥዕሉ፣ ከመሐል ባዘቶ፣ ከኋላ አቡጀዲ። ሦስቱንም ዘልቆ በሚወጣ መርፌ ከዳር እስከ ዳር ትሰፋዋለች። የሚጸናው ያኔ ነው። ያኔ ቢያጣጥፉት አይበተንም፣ ቢለብሱት ያሞቃል፣ ቢያጥቡት ይታጠባል።

ስመኝ የምትፈራው ይችን የመጨረሻዋን ስፌት ነበር። ስፒል ሲነቀል ምልክት አይተውም። ስፌት ግን ቢፈቱትም ቀዳዳው ይቀራል። ስለዚህ ስፒሉን ትወዳለች፣ መርፌውን ትሸሻለች። ለምን ዘገየሽ ሲሏት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላለች። ተረቱ እውነት ነው። ግን ያልቸኮለችውስ? ያልቸኮለችው ሴት ምን እንዳገኛት ተረቱ አይነግረንም። እኔ ልንገራችሁ።

ስመኝን ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ወይዘሮ እንጉዳይ። እናቷ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ያነሳቻት፣ ጥጥ ፈትላ፣ ፈትሏን ለሸማኔ እየሰጠች ለቁም ነገር ያበቃቻት እሷው ናት። የሁለቱም አገር ወንዝ ዳር ያለ መንደር ነበር። ነበር ነው የምላችሁ፤ ወንዙ ተገደበና መንደሩ ውሃ ውስጥ ገባ። ሰዉ ወደ ከተማ ሲዛወር ስመኝ አክስቷ ጀርባ ላይ የታዘለች ሕፃን ነበረች። አገሯን አታውቀውም። ዛሬ ሄዳ ብታይ የምታየው ጠፍጣፋ ውሃ ነው፤ ከሥሩ ቤት እንደነበረ የሚያውቀው የሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው።

የወይዘሮ እንጉዳይ ዓይን መድከም ጀመረ። ፈታይ ናትና «ክር ማየት በዝቶብኝ ነው» ብላ ናቀችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ የዓይን ግፊት ነው አሏት። ጠብታ ሰጧት፤ ይህ ያለውን ያቆይልዎ ይሆናል እንጂ የሄደውን አይመልስም፣ ያለውም ምን ያህል እንደሚቆይ እንጃ አሏት።

ከሐኪም ቤቱ ሲመለሱ ወይዘሮ እንጉዳይ መንገድ ላይ ቆም አለች። በዕድሜዋ ለራሷ ነገር ጠይቃ የማታውቅ ሴት ናት።

«ስመኝ» አለቻት፣ «አገሬን አንድ ጊዜ ልየው። ውሃው እንደሆነ አይመልስልኝም። በጨርቅሽ ሥሪልኝና ዓይኔ እያለ ልየው።»

ስመኝ እሺ አለች። ያሳደገቻት ሴት የጠየቀቻት ይህን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ጀመረችው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ እንጉዳይ ስመኝ ቤት ትመጣለች። ቁጭ ብላ ታወራለች፣ ስመኝ ትሰማለች። ቤታችን ከጋራው ግርጌ ነው ትላለች። ጋራው አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዙሪያውን ጥድ ነው። ከቤቴ ወጣ ስል ዋርካው በቀኜ ነው፣ ምንጩ በግራዬ። ከደጄ እስከ ምንጩ ድረስ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች፤ ማንም አልቀየሳትም፣ እኔና እናትሽ እንስራ ተሸክመን ስንመላለስ በእግራችን ያወጣናት ናት። ስመኝ እናቷን አታውቃትም። 

እንግዲህ የስመኝን ስሕተት ስሙ። የኛ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። እኛ ያልደረሰ ነገር ለሰው አናሳይም። ዓይን ያርፍበታል እንላለን። ጽንሱን እንደብቃለን፣ የታሰበውን ሰርግ እንደብቃለን፣ ጅምሩን ሁሉ እንሸፍናለን። ስመኝም ከአክስቷ የተማረችው ይህንኑ ነበርና፣ እሑድ ጠዋት አክስቷ ሳትደርስ ግድግዳው ላይ ነጠላ ትጥልበታለች። ወይዘሮ እንጉዳይ ከተሸፈነው አገሯ ፊት ተቀምጣ ስለ አገሯ ታወራለች። አስቡት እስቲ። ሥዕሉ የሚሠራው ለማን ነበር? ለዚያች ዓይን አልነበረም? ለዚያች ዓይን የሚሠራውን ከዚያችው ዓይን ሸሸገችው። ወይዘሮ እንጉዳይም አሳዪኝ አላለችም፤ ያስተማረችውን ልማድ ራሷ አትጥሰውም።

ኅዳር ሲያልቅ አገሩ ግድግዳው ላይ ቆሞ ነበር። ጋራው ከካኪ፣ ጥዱ ከጥቁር አረንጓዴ ከፋይ፣ ቤቱ ከአክስቷ አሮጌ ጋቢ። ምንጩ ብቻ ቀረ። የምንጭ ውሃ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው? ሰማያዊ ሳቲን አስጠጋች፣ ሰርግ ሰርግ አላት። ግራጫ ቴትሮን አስጠጋች፣ የዕቃ እጣቢ መሰላት። ጎረቤቷ ወንፊት ልትዋስ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ስመኝ ያፈጠጠችው አንድ መዳፍ የምታክል ባዶ ቦታ ላይ ነበር።

ሌላው ግን ሊሰፋ ይችል ነበር። ጋራው ምን ቀረው? ቤቱ ምን ቀረው? እሷ ግን ውሃው ሲገኝ ጋራው ይጠቁርብኝ ይሆናል፣ ጥዱ ይበዛብኝ ይሆናል ብላ ሁሉንም በስፒል እንደተያዘ ተወችው። በየእሑዱ «ደረሰ እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ትላለች። አክስቷም ግድ የለም፣ ረጋ ብለሽ ሥሪው ትላታለች።

ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ወይዘሮ እንጉዳይ ስትመጣ አንዲት የሰፈር ሴት ክንዷን ይዛት መምጣት ጀመረች። ስመኝ ጉልበቷን ያመማት መሰላት። በርጩማውን በእጇ ዳብሳ ስትቀመጥም አየቻት። ማየቱን አየች፣ ልብ ግን አላለችውም፤ ሐሳቧ ምንጩ ጋ ነበር።

ምእመናን፣ ሰው ለሚወደው ሰው ሲደክም ያንኑ ሰው ሳያየው ይቀራል። ይህ እናንተ ቤት የለም?

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ውሃው ተገኘ። ሰልባጅ ተራ ውስጥ አንድ አሮጌ ካፖርት ተሰቅሏል። ካፖርቱ ብል የበላው ነው፤ ገበሩ ግን ሰማያዊም አይደል፣ አረንጓዴም አይደል፣ ሲያዘነብሉት ብርሃን ይሄድበታል። ስመኝ ከነካፖርቱ ታቅፋው ወደ ቤት ሮጠች። ገበሩን ፈታች፣ ቆረጠች፣ አስጠጋች፣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። በመስታወት አየችው። የሚነሳ ነገር አልነበረም። ደስ አላት፤ ብቻዋን ሳቀች። ውሃውን በስፒል ያዘችና፣ መስፋቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ትየው ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ አክስቷን ልታመጣ ወጣች።

እጇን ይዛ አስገባቻት። ብርሃን እንዲገባ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ነጠላ ሳበችው። ከዚያ የአክስቷን ፊት ለማየት ዞረች። ከመስከረም ጀምሮ የጓጓችው ለዚያ ፊት ነበር።

ወይዘሮ እንጉዳይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆማለች።

«ገለጥሽው?» አለች። «በየት በኩል ነው ልጄ?»

ስመኝ ትከሻዋን ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረቻት። አክስቷም ነገሩን ገለጠችላት። ከጥምቀት ወዲህ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የምትለየው፤ አሁን ጥላውም ሄዷል። ያልነገረቻት እንዳታስቸኩላት ብላ ነው። ከቸኮልሽ ይበላሽብሻል ብዬ ነው አለቻት፣ ራሷ ጥፋተኛ እንደሆነች ሁሉ።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። በዓይኗ ያጣችውን በእጇ ልታገኘው። መዳፏን ግድግዳው ላይ ስታሳርፍ ስፒሎቹ ወጓት። እጇን ሰበሰበች። የዋርካው ቁራጭ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ የጋራው ጫፍ ሸርተት አለ። አዲሱ ውሃ ላይ ትንሽ የደም ጠብታ ቀረች።

ወይዘሮ እንጉዳይ ጣቷን ወደ አፏ አደረገች። አልተቆጣችም። ሥራ እንደሚያውቅ ሰው ነው የጠየቀችው።

«አልተሰፋም እንዴ?» አለች። «ይሄን ሁሉ ጊዜ በስፒል ነው የቆመው?»

ስመኝ አፈረች። ሐዘኑ ኋላ መጣ፤ መጀመሪያ የመጣባት እፍረት ነው። ወለሉ ላይ የወደቀውን ዋርካ አንስታ በእጇ ይዛ ቆመች። ምን ታደርገዋለች? ካኪው ጋራ መምሰሉ፣ ገበሩ ውሃ መምሰሉ አሁን ለማን ይጠቅማል? ሁሉንም ነቅላ ወደ ከረጢቱ ልትመልሰው አሰበች፤ እጇም ወደ ግድግዳው ሄደ። አክስቷ የስፒል መነቀል ድምፅ ሰማች መሰለኝ ክንዷን ያዘቻት።

«ማየቱስ ቀረ» አለቻት። «ብርዱ ግን አልቀረም። ሰፍተሽ አልብሺኝ።»

ስመኝ ሰፋችው። ግን ያን ጊዜ ሥራዋ ሁሉ ተለወጠ። መስታወቱን አስቀመጠች። ግድግዳውን ትታ ሥራዋን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እየዳበሰች ትሰፋለች፣ ትዳብሳለች፣ ትሰፋለች። አንድ ነገር ያኔ ገባት። ስፌት የበዛበት ቦታ ዝቅ ይላል፤ ያልተሰፋው ባዘቶውን ይዞ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጋራውን ዙሪያውን ብቻ ሰፋችው፣ መሐሉን ለባዘቶው ተወችለት። ሜዳውን ጠቅጥቃ ሰፋችው። የደም ጠብታ ያለባትን የውሃ ጨርቅ ሌላ አልፈለገችላትም፤ እንዳለች ሰፋቻት።

መንገዲቱ ቀረች፤ ከቤቱ ደጅ እስከ ምንጩ ያለችው ቀጭኗ። ስመኝ ሣጥኗ ውስጥ አንድ ልቃቂት ነበራት። አክስቷ ዓይኗ እየደከመ በመጣበት ጊዜ የፈተለችው የመጨረሻ ፈትሏ ነው። ያ ቀጥ ያለ የድሮ ፈትሏ አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ቀጭን፣ አንዳንድ ቦታ ጓል ጓል ያለ ነው። ሸማኔው አልወሰደውም። ስመኝ ግን አክብራ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንድ ቀን ለደህና ሥራ ይሆናል ብላ አስቀምጣው ነበር። እሱንም አስቀምጣው ነበር። አወጣችውና መንገዲቱን በእሱ ሰፋቻት። ሆሳዕና ሳይደርስ ጨረሰች።

ወይዘሮ እንጉዳይ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ስመኝ ሥራውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችላት። አክስቷ እጇን በጥንቃቄ አስጠጋች፤ ያለፈውን ስፒል ጣቷ አልረሳውም። የወጋት ነገር አልነበረም። መዳፏ ከፍ ያለውን አገኘ። ጋራው ነው አለች። ለስላሳውን ከፋይ አገኘች፣ ጥዱን አወቀችው። ጋቢው ላይ ስትደርስ ቤቷን አወቀችው። ደጁ ላይ ጣቷ አንድ ክር ያዘ፤ ክሩን በሁለት ጣቷ መካከል አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄ ፈትል የኔ ነው» አለች።

 እንደገና ጣቷን ወደ ደጁ መለሰችና፣ ከቤቴ ወጣሁ ብላ ምንጩን ፍለጋ ወደ አንድ ወገን ሰደደችው። ዋርካ አገኘች። ቆመች። ተመለሰችና ክሩን ተከትላ በሌላው ወገን ሄደች፤ መንገዲቱ ምንጩ ላይ አደረሰቻት። ፈገግ አለች።

«ስመኝ፣ ምንጩን አዛወርሽው እኮ» አለች። «ግራዬ ያልኩሽ ከቤት ስወጣ ነው። አንቺ ከውጭ ወደ ቤቱ ዞረሽ ነው ያየሽው።»

እነዚያ እሑዶች ሁሉ ስመኝ ፊት ድቅን አሉ። አንድ እሑድ፣ አንዲት እሑድ ብቻ ነጠላውን ገለጥ አድርጋው ቢሆን አክስቷ «በዚያ በኩል አይደለም» ትላት ነበር፤ ሁለት ስፒል ነቅሎ ሁለት ስፒል መትከል ነበር ሥራው። አሁን ግን ሦስት ድርብ ዘልቆ ተሰፍቷል። ልፍታውና ላስተካክለው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ወይዘሮ እንጉዳይ ልብሱን ወደ ራሷ ሰበሰበችው።

«ተዪው» አለች። «ውሃው አለ፣ መንገዱም ያደርሳል። ግራና ቀኙን እኔ አስታውሰዋለሁ።»

እስከ ዛሬም ትለብሰዋለች። ጠያቂ ሲመጣ እጁን ይዛ ደጁ ላይ ታሳርፈዋለች፤ በዚህ ተከተል፣ እኔና የስመኝ እናት ውሃ የምንወርድባት ናት ትለዋለች። ያቺ የወንፊቷ ጎረቤት እንኳ ሄዳ ዳብሳዋለች። ከዚያ ወዲህ ለይቶላታል ማለቷን ትታለች ይባላል፤ ስለዚህኛው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እስካሁን የሰው ነገር ነበርና ደህና ራስ ትነቀንቁ ነበር።

ስመኝ ክፉ ሰው አይደለችም። ሰነፍም አይደለችም፤ ከእኔና ከእናንተ ይልቅ ትደክማለች። ለሚወዱት ሰው ምርጡን ካልሆነ አልሰጥም ማለት ምን ክፋት አለው? ይህን ጥያቄ ብዙ አሰብኩበት። መልሱ ይሄ ይመስለኛል፤ ምርጡ እስኪገኝ ድረስ ምንም አልሰጠችም። በመሐል ዓይን ጠፋ።

ስንታችን ነን በስፒል የቆምን? ንስሐ ግቡ ስትባሉ ትንሽ ራሴን ላስተካክልና ትላላችሁ። ወንዝ ወርዶ ለመታጠብ አስቀድሞ ቤቱ የሚታጠብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁርባን ሲባል ልጆቼን ልዳር፣ ልሸምግል፣ ከዚያ እቆርባለሁ ትላላችሁ። ማን ነው ትሸመግላላችሁ ያላችሁ? ጋራው ቆሟል፣ ቤቱ ቆሟል፣ እምነቱ አለ፣ ፍቅሩ አለ፤ አንዲት መዳፍ የምታክል ባዶ ቦታ ይዛችሁ ሌላውን ሁሉ በስፒል ታስቀምጡታላችሁ።

ደግሞ ነጠላው አለላችሁ። የንስሐ አባታችሁ ቤታችሁ ይመጣሉ። ጠበል ይረጫሉ፣ ልጆቹን ይባርካሉ፣ እንዴት ናችሁ ይላሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን ትላላችሁ፤ የተዛነፈው ሁሉ በነጠላ ተሸፍኖ እሳቸው ከፊቱ ተቀምጠዋል። ያልደረሰ ነገር አይታይም ብላችሁ ነው። «ልጄ፣ ምንጩ በዚያ በኩል አይደለም» የሚላችሁን ሰው በገዛ እጃችሁ ጋረዳችሁት። ስሕተት በስፒል ሳለ ነው የሚቀለው። ሳይቃጠል በቅጠል ትሉ የለም እንዴ?

እዚሁ ግቢ ውስጥ አንዱ በሰሜን በር፣ አንዱ በደቡብ በር የሚገቡ ወንድማማቾች አሉ። ስም አልጠራም፣ አትዙሩ። ለፋሲካ እንታረቃለን ብለዋል። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልተናገሩም። ሽማግሌ አስበዋል፣ ቃሉንም አዘጋጅተዋል፤ ማን አስቀድሞ ይናገር የምትለዋ ብቻ ናት የቀረቻቸው። ውሃዋ ብቻ ናት የቀረቻቸው። እናታቸው ቤት ተቀምጣ ትጠብቃለች። ግድ የለም ልጆቼ፣ ረጋ ብላችሁ ትላቸዋለች። ረጋ በሉ የሚላችሁ ሰው ሁሉ ጊዜ የተረፈው አይምሰላችሁ።

በስፒል የቆመ ነገር ከሩቅ ያምራል። ከሩቅ ስንታይ ሁላችንም እናምራለን፤ ነጭ ለብሰን፣ በየዛፉ ሥር ተሰልፈን። የሚወጋው ማን ነው? በሩቅ ያለፈው አይደለም። ቀርቦ እጁን ያሳረፈብን ነው። እናት ናት፣ ሚስት ናት፣ ባል ነው። እነሱ እጃቸውን ሰብስበው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ፣ ዝምም ይላሉ፤ እኛም አልወጋንም እንላለን።

የስመኝ ሥራ ተሳስቷል፤ አልደብቃችሁም። ምንጩ ያለ ቦታው ነው፣ ውሃው ላይ ደም አለ፣ መንገዲቱ ጓል ጓል ባለ ፈትል ነው የተሰፋችው። በኤግዚቢሽን ቢሰቀል የሚያውቅ ሰው ይስቅበት ይሆናል። አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ትለብሰዋለች፤ ለብሳውም በጣቷ አገሯ ትገባለች። ግድግዳው ላይ በነበረ ጊዜ፣ እንከኑ ባልታየበት በዚያ አንድ ቀን፣ ያሞቀው ሰው ነበር?

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ እጁን የሚዘረጋላችሁ ሰው አለ። ማን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ አላውቀውም። ነጠላውን ግለጡት። ግራና ቀኙ ቢሳሳትም ስፉት። ዓይን ሳለ ስፉት።

የሰማነውን በስፒል ሳይሆን በመርፌ ልባችን ላይ ያጽናልን። አሜን በሉና በሰላም ግቡ፤ እነዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ዛሬ በአንድ በር ውጡ።